አንጓችና ሠላሳዎቹ ሥዕሎች

ባለፈው ሐሙስ የሞጣው ትምህርት ቤታችን የፈተና ወረቀት ወደሚባዛበት ክፍል ጠመኔ ላመጣ ተልኬ ገባሁ። ማባዣው እየዞረ ነበር። ወረቀቱ እርጥብ እንደሆነ አንድ በአንድ ይወጣል። ቀለሙ ትንሽ ላምባ ላምባ፣ ትንሽ ደግሞ አዲስ ጫማ ጫማ ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ጠመኔውን ረስቼ ቆምሁ። ጸሐፊዋ «ምነው ትርንጎ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኋት። ደህናም ነበርሁ። አንጓች ትዝ ብላኝ ነው እንጂ።

አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የልጅነት ትዝታ ለመጻፍ ገና ነሽ የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ሌላ አሥር ዓመት ብቆይ የምረሳው ይበዛል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ብጽፈው ደግሞ ገና አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ደብተር አወጣሁ።

አንጓች ወደ እኛ የመጣችበት ክረምት ቢቸና ሳለን ነው። አባዬ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ወደ ሞጣ የተዛወርነው ኋላ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ስለጨረስሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። ድሮ ዜማ ያስተምሩ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር። አባዬ ማታ ማታ ጠብታ ያደርግላቸዋል። ጠብታው ጉንጫቸውን ከማራስ በቀር ምንም አላመጣም።

ሐምሌ እንደገባ የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ ቢያድግልኝ፣ ከግንደወይን ወዲያ ካለው አገሩ በበቅሎ መጣ። ከኋላው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭኗል። የእህል ስልቻ መስሎኝ «ምን አመጣህልን?» ብዬ ሮጥሁ። ስልቻው ወርዶ በሁለት እግሩ ቆመ። የአጎቴ ልጅ አንጓች ነበረች።

ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ከጓዳው በር ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«እታለም» አለ አጎቴ፣ «ልጂቱን አምጥቻታለሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቃል አይወጣትም። እንጀራ እናቷ ብትጠራት አትመልስ፣ ብትጠይቃት አትመልስ። በሰፈሩ ድዳዋ ነው የሚሏት። ደግሞ ሰው ጠይቆኛል። ቤቱ ደህና ነው፣ በሬ ያለው ነው።»

«ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ!» አለች እማዬ።

«ዛሬ ትሂድ መች አልሁ? ቃሉ ይታሰር ነው ያልሁት።»

«ቃሉ ከታሰረ እሷም ታሰረች። እኔ ጋ ትቀመጥና ትማር።»

«ዝም የምትል ልጅ ትምህርት ቤት ምን ልትሠራ?»

አባባ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ዝም አይነቅዝም» አሉ። አጎቴ አባቱን መከራከር አልደፈረም። እንዲህ ብቻ አለ፦ «እሺ። ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት ትቀመጥ። ካልተቀበላት ግን በምዝገባው ቀን መጥቼ እወስዳታለሁ። ያኔ እንዳትቀየሚኝ።»

እማዬም «እሺ» አለች። ምን ትበል? ልጂቱ የእሱ ናት።

ድሮ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚመዘገበው እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የማዶ ጆሮውን ከነካ ነበር። እኔም የተመዘገብሁት እንደዚያ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እጄን ስጎትተው ስለሰነበትሁ። ያን ዓመት ግን አዲስ ነገር መጣ። ልጁ በዛ፣ ወንበሩ አነሰ፤ እጅ ጆሮ መንካቱ አልበቃም። ስለዚህ ለመሠረተ ትምህርት ተብለው የተባዙ ሠላሳ ሥዕሎች ለልጆችም እንዲሆኑ ተወሰነ። መምህሩ ሥዕል ያሳያል፤ ልጁ ስሙን ይናገራል። ከሠላሳው ሃያ የተናገረ ይገባል፤ ያላገኘ ለከርሞ።

ሥዕሎቹን አስቀድሜ አይቻቸዋለሁ። እማዬ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ስትማር እኔ ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ከኋላ እቀመጥ ነበር። የሚያስተምራቸው መምህር ደጀኔ ይባላል። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ እግር ነበር። አንድ እሑድ ገና እርጥብ የሚመስሉ፣ ያ ሽታ ያላቸው ወረቀቶች ይዞ መጣና «እናቶቼ፣ ዛሬ የቃላት ሀብታችሁን ነው የምንለካው» አለ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወደ እማዬ ጠጋ ብለው «ሀብት ከተለካ መወረሱ አይቀርም። ዝም ነው» ሲሉ ሰማሁ። የተወረሰባቸው ትርፍ ቤት ነገር ገና ከሆዳቸው አልወጣላቸውም ነበር።

መምህሩ ዶሮ የተሣለበትን ወረቀት አነሣ። «እትዬ ብርቄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

እትዬ ብርቄ ወረቀቱን አዩ፤ መምህሩን አዩ። «ልጄ፣ ዶሮ አማረህ? እኔ ጋ ቄብ አለች፤ ንገረኝ ብቻ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። መምህሩም ሳቀ፤ ግን ዶሮ ስለተባለ ምልክት አደረገላቸው። ቀጥሎ ወደ እማዬ ዞሮ የድስት ሥዕል አሳያት። እማዬ ፈገግ ብላ መሬት መሬት አየች። «ይህ ምንድን ነው እናቴ?» አላት ደገመና። አሁንም ዝም። መምህሩ ወረቀቱ ላይ ኤክስ አደረገ።

ክው አልሁ። እማዬ ድስት አታውቅም! ጠዋትና ማታ የምታነሣው ድስት! ወንድሜን እንዳዘልሁ ቤት ገባሁና «እማዬ፣ ድስቱን አቀብይኝ» አልኋት። ድስቱን አነሣችና ሰጠችኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለችኝ። ምንም ላደርግበት አልነበረም። ቤት ውስጥ ታውቀዋለች፣ አዳራሽ ስትገባ ይጠፋባታል ማለት ነው ብዬ ደመደምሁ። ቃል ማለት በሰው ጉሮሮ ውስጥ እንደ ጎተራ እህል የሚቀመጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። የአንዳንዱ ሙሉ ነው፣ የአንዳንዱ ጎዶሎ። የእማዬ አፉ የጠበበ ጎተራ ሆነብኝ፤ የአንጓች ደግሞ ባዶ።

ማታ እማዬ ለአባዬ ስታወራ እንዲህ አለች፦ «ድስት አሳይቶ ምንድን ነው ይለኛል። ድስት ጠፍቶት ነው? የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቅ ሰው ወይ ዳኛ ነው፣ ወይ ቀልደኛ ነው። ለዳኛም ለቀልደኛም ዝም ማለት ይሻላል።» አባዬ ሳቀ። እኔ ግን እማዬ ለኤክሷ ምክንያት የምትፈልግ መሰለኝ።

በማግስቱ የአንጓችን ጎተራ ልሞላ ተነሣሁ። አሮጌ ደብተሬን ገልብጬ በጀርባው «የአንጓች ቃላት» ብዬ ጻፍሁ። ያስታወስኋቸውን ሥዕሎች በእርሳስ ሣልሁ፤ የእኔ ላም ከውሻ አትለይም ነበር። ያልሣልሁትን ዕቃውን ራሱን አመጣለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን «ይህ ምንድን ነው?» እላታለሁ፣ ማንኪያ ይዤ። አንጓች ማንኪያውን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ዝም።

«ማንኪያ በይ።»

«ማንኪያ» ትላለች በቀጭኑ።

«ጎሽ! እንግዲህ ይህ ምንድን ነው?»

ዝም።

ለአንድ ቃል አምስት ፍሬ የተጠበሰ ሽምብራ እከፍላት ነበር። ሽምብራውን ትበላለች፤ ቃሉ ግን አይመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሬ ላይ ሰባት ቃል ብቻ ነበር፤ እነሱም ሁሉ እኔ በይ ያልኋትን የደገመቻቸው ናቸው። የጎረቤት ልጆች በአጥር በኩል «ትርንጎ! ድዳሽ ዛሬስ ምን አለች?» ይሉኛል። አንድ ቀን ተናድጄ «ቃል ካላወጣሽ እኮ አባትሽ ወስዶ ይድርሻል!» ብዬ ጮህሁባት። እጇ ላይ ያለውን ሽምብራ ሳትበላው መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እስከ ማታ ድረስ ዓይኔን አላየችኝም። ያን ቀን ሰው ብሆን ኖሮ ይቅርታ እላት ነበር። አላልሁም።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተጾመ። በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። አባባን እጃቸውን ይዞ ጊዮርጊስ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር፤ ግን ጭቃው ያ ጥቁር የቢቸና ጭቃ ነው፣ አንዴ የያዘ እግር የማይለቅ። «ማጥናት አለብኝ» እያልሁ ለአንጓች አሳለፍሁት። መምራት ቃል አይፈልግም ብዬ ነው።

አንድ ቀን እነሱ ከወጡ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ እማዬም «ይህን ጋቢ ለአባባ አድርሺ» ብላ ሰደደችኝ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ ከኋላቸው ቀረብሁ። የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። አንድ ልጅ ያለማቋረጥ ያወራል። መጀመሪያ ሌላ ሰው አብሯቸው ያለ መሰለኝ። ማንም የለም፤ አባባና አንጓች ብቻ ናቸው።

«እዚህ ውኃ ቋጥሯል፣ ወደ ቀኝ አባባ። አሁን ድንጋዩ ላይ ይርገጡ፣ ጠፍጣፋው ላይ። ሁለት አህያ እየመጡ ነው። የፊተኛዋ ጀርባዋ ተልጧል፣ ዝንብ ሰፍሮባታል። የኋለኛዋ ኑግ ነው መሰል የጫነችው፤ ስልቻው ወዝቷል። ነጂው ሴት ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ በትሩን ተመርኩዛው ነው እንጂ አትመታበትም።»

«እግዚአብሔር በሰላም ያስገላግልሽ!» አሉ አባባ ወደ መንገዱ። ሴትዮዋ ደንግጣ «አሜን አባቴ! ማን ነገረዎ?» አለች።

አንጓች ቀጠለች። «የነ እንትና አጥር ወድቋል፤ ዱባው ወደ መንገድ ወጥቶ አብቧል። ሰማዩ በዓባይ በኩል ጠቁሯል፣ በዚህ በኩል ግን እንደ አመድ ነው። እዚያ ጥላ የያዘ ሰው ቆሟል። ጥላው አንድ ጎኑ ተሰብሮ እንደ ዶሮ ክንፍ ተንጠልጥሏል...»

በጣቴ ቃሎቿን መቁጠር ጀመርሁ። አሥሩም ጣቴ አለቀ፤ ደግሜ ጀመርሁ፣ አለቀ። ጋቢው ከእጄ ወድቆ ጭቃ ነካው። የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልጻፍ፣ ቅናትም ነበር። እኔ ሁለት ዓመት አባባን ስመራ «ይምጡ አባባ፣ ይቁሙ አባባ፣ ይውረዱ አባባ» ነበር የማውቀው።

ቤት ስንመለስ አባባን ጠየቅኋቸው። «እርስዎን መምራት ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ነው የምታወራልዎ?»

«ታዲያስ! አንቺ ስትመሪኝ እግሬ ብቻ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው። ከእሷ ጋር ስሄድ እኔም እደርሳለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«እናንተ የምትሰሙ መስሎኝ ነዋ!»

አንጓችን ከማድጋው ጀርባ አገኘኋት። «ለአባባ የምትናገሪውን ለእኔ ለምን አትናገሪም?»

ትልቅ ነገር የጠየቅኋት አልመሰላትም። «አንቺ ታያለሽ» አለችኝ።

«ታዲያ ባይስ?»

«ለሚያይ ሰው ይነገራል እንዴ? እናቴ፣ ትልቅ ሰው የሚያየውን አትንገሪው፣ ዕውር ነህ ማለትሽ ነው ብላኛለች።»

የእማዬ ድስት ትዝ አለኝ። ማንም ሳያስረዳኝ የእማዬም የአንጓችም ዝምታ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ጎተራው ሙሉ ነበር፤ እኛ ነን በተሳሳተ በር የምናንኳኳው። ግን ምን ያደርጋል? ምዝገባው የሚካሄደው በመምህር ደጀኔ ፊት ነው። «መምህሩ ዓይኑ አያይም ብለሽ አስቢ» ብዬ መከርኋት። ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «መነጽር አለው። እሱማ ከእኛ ይበልጥ ነው የሚያይ።»

የምዝገባው ቀን ደረሰ። አጎቴ በዋዜማው መጥቶ አድሯል። ጠዋት በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ይዞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመ፤ ማንም ባይነግረኝም ለመውሰድ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ገብቶኛል። ግቢው በልጅና በወላጅ ተሞልቷል። መምህር ደጀኔ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጓድ አስራት የሚባለው መዝጋቢ ስም ይጽፋል። እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥያለሁ።

«አንጓች ቢያድግልኝ!»

ገባች። መምህሩ ቁልፍ አሳየ። «ይህ ምንድን ነው?» ዝም። ኤክስ። ወንበር። ዝም። ኤክስ። መጥረጊያ፣ እሳት፣ ዓይን። ዓይኗን እንኳ ያሳያት! ዝም። በጣቴ እቆጥራለሁ። አሥር ኤክስ ድረስ መቁሰል ነው፣ ዐሥራ አንደኛው ግን ሞት ነው። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ መምህሩ ወረቀቱን አስቀመጠ። ደግ ሰው ነበር። «ፈርተሻል የኔ እናት። ውጪና ተንፍሰሽ ተመለሺ፤ እስከዚያ ሌሎቹን ልይ» አላት።

ከመስኮቱ ዘልዬ ወርጄ ወደ ቤት በረርሁ። አባባ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። «አባባ ይነሡ! አንጓች ልትወድቅ ነው!» ብዬ እጃቸውን ጎተትሁ። እማዬ ከቤት ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» ስትል እኛ አጥሩን አልፈናል። መንገድ ላይ ግን አባባ ቆሙ።

«ንገሪኝ እንጂ! በዝምታ አልሮጥም።»

«ምን ልንገርዎ?»

«ፊቴ ያለውን!»

«እ... ድንጋይ አለ!»

«ምን ያህል? ቀኝ ነው ግራ?»

«ግራ! ትልቅ! እንደ... እንደ ተኛ በግ ያለ!»

«አሁን ገባኝ» አሉና ረዘም አድርገው ተራመዱ። እንደዚያ ሆነን፣ እኔ እያለከለክሁ ያየሁትን ሁሉ እየጮህሁ፣ እሳቸው በትራቸውን እያስቀደሙ፣ ትምህርት ቤት ደረስን። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር።

አባባ ሲገቡ መምህር ደጀኔ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አንጓች ተጠርታ ተመለሰች፤ አባባን ስታይ ሄዳ ከጉልበታቸው አጠገብ ቆመች።

ጓድ አስራት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ፈተና ነው። እርዳታ አይፈቀድም።»

«ምኑን ልርዳት ልጄ? እኔ አላይ!»

ወላጆቹ ሳቁ። መምህር ደጀኔ ጓድ አስራትን አየውና ትከሻውን ነቀነቀ፤ አሥረኛውን ወረቀት አነሣ።

«አንጓችዬ» አሉ አባባ፣ «መምህሩ ምን ይዟል?»

«ወረቀት ይዟል አባባ። ወረቀቱ ላይ ላም አለች። ቀንዷ ወደ ፊት የዞረ ነው። ግን ጡት የላትም። የሣላት ሰው ረስቶታል።»

መምህሩ ወረቀቱን ወደራሱ አዙሮ አየ። እውነትም የላትም። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ምልክት አደረገላት። «ሌላስ?» አሉ አባባ። «ማረሻ። ሞፈሩ ግን አልተሣለም፣ ብረቱ ብቻ ነው።» «ሌላስ?» «እንስራ፣ አንድ ጆሮው ተሰብሯል።» «የተሰበረ ሳይሆን ቀለሙ ደብዝዞ ነው» አለ መምህሩ ሳያስበው። እሷም በትዕግሥት «ደብዝዟል አባባ» አለች።

እንደ ውኃ ወረደች። ጃንጥላ አለች፣ ንብ አለች፣ ደወል አለች፣ መሰላል አለች። ደጅ የነበሩት ወላጆች መስኮቱን ሞሉት። በመካከል አንድ ወረቀት ላይ ቆም አለች። «ትንንሽ ቤቶች ተያይዘው በመንኮራኩር ላይ ቆመዋል። ከፊተኛው ጭስ ይወጣል። ቤቶቹ ሰው አላቸው፣ በመስኮት ያያሉ። ስሙን አላውቀውም አባባ። አይቼው አላውቅም።»

ባቡር ነበር። እኔም በሥዕል እንጂ አይቼው አላውቅም። አሥረኛው ኤክስ። ከእንግዲህ አንድም መሳት የለም። ጣቶቼን ጨብጬ ቆምሁ። ሃያ አንደኛው ሥዕል፣ ሃያ ሁለተኛው... ሃያ ዘጠነኛውን «ማበጠሪያ፣ ሁለት ጥርሱ ወልቋል» ብላ አለፈችው። መምህሩ የመጨረሻውን አነሣ።

«ጥቁር ነገር ነው» አለች አንጓች። «ከላዩ ሌላ ጥቁር ነገር ተኝቶበታል፣ እንደ አጥንት ሁለቱ ጫፉ ወፍራም ነው። ገመዱ እንደ ሐረግ የተጠመዘዘ ነው። ከቀበሌው ቤት በመስኮት አይቼዋለሁ። ሰውየው ጆሮው ላይ ያደርገውና ብቻውን ይቆጣል፤ ከዚያ ብቻውን ይስቃል።»

«ስሙ ማነው ልጄ?» አሉ አባባ ቀስ ብለው።

ዝም አለች። ይህኛው ዝምታ ሌላ ነበር፤ ፍለጋ ያለበት ዝምታ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ተመልሼ መስኮቱ ላይ ነኝ። «ስልክ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ እንደነበር ልደብቅ አልችልም። ጓድ አስራት ቀና ብሎ ሲያየኝ ዘጋሁት።

«ስሙን አልሰማሁትም» አለች።

ዐሥራ ዘጠኝ።

መምህር ደጀኔ እርሳሱን አስቀመጠ። «ጓድ አስራት፣ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ እንደገና ልጠይቃት። ታውቃቸዋለች።»

«እንደምታውቃቸው አይቻለሁ። ግን ደጅ ስንት ዐሥራ ዘጠኝ ያመጣ ልጅ አለ? ለእሷ ደግመህ ጠይቀህ ለእነሱ ካልደገምህ ምን እላቸዋለሁ?»

መምህሩ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጓድ አስራትን መጥላት ይቀለኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ነበር። መዝገቡ ላይ «ለከርሞ» ብሎ ሲጽፍ ጽሑፉ እጅግ ያምር ነበር፣ ያ ነው ያናደደኝ። መምህር ደጀኔ በሚቀጥለው እሑድ አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎቹን ጀርባቸውን ወደራሱ አዙሮ፣ ራሱ ሳያያቸው፣ «እናቶቼ፣ እኔ አላየሁትም፤ ምንድን ነው?» ማለት ጀመረ። ሴቶቹም አፋቸው ተከፈተ፤ እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ሃያ ስምንት አመጡ። ለአንጓች ግን ያን ቀን ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር።

አባባን ይዘን ወጣን። እማዬ በሩ ላይ ደርሳለች። አጎቴ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደመጣ አላየሁትም። በቅሎዋን ለአንድ ሰው አስይዟል።

«ስንት አመጣች?» አለ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለች እማዬ።

«ስንት ነበር የተፈለገው?»

«ሃያ።»

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሳያስፈልገው አራገፈውና መልሶ አጠለቀው። «ያ ሰው ብቻውን የሚቆጣበት ነገር ስሙ ማነው?»

«ስልክ» አልሁት እኔ።

«እኔም ስሙን አላውቀውም ነበር» አለ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ታወራልዎ ነበር?»

«ጆሮዬ እስኪደክም» አሉ አባባ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያሸነፉ ይመስል።

እማዬ ትጥቋን ጠበቅ አድርጋ ፊቱ ቆመች። «ቢያድግልኝ፣ ቃል ሰጥተሃል ለሰዎቹ?»

«አልሰጠሁም።» መሬቱን በእግሩ ቆፈረ። «ድዳ ናት ስላሉኝ ነው የቸኰልሁት። ቆይታ ካደገች ማን ይወስድልኛል ብዬ ነው።»

«አሁንስ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከየት እንደወረሰችው ያን ጊዜ አየሁ። «ለከርሞ ብለው የለ?» አለ በመጨረሻ። «እስከ ከርሞ እዚሁ ትቆይ። እኔም ለሰዎቹ እንደዚያው እላቸዋለሁ፤ ልጄ ትምህርት ላይ ናት እላለሁ።»

እማዬ ልታለቅስ ስትል መልሳ ዋጠችው። አንጓች አባባን እንደያዘች ቆማለች፤ ስለእሷ የተባለውን የሰማች አትመስልም ነበር።

አጎቴ በቅሎዋን ተቀበለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናብም ሊመጣ ይችላል። የአባቱን ጉልበት ሳመ። አንጓችን አናቷን ነካ አድርጎ እግሩን እርካቡ ላይ አሳረፈ።

«የኮርቻው ማሰሪያ ላልቷል» አለች አንጓች።

አባባ አልጠየቋትም። ማንም አልጠየቃትም። መሬት መሬት እያየች ነበር የተናገረችው፤ ግን የተናገረችው ለአባቷ ነው፣ ሁለት ደህና ዓይን ላለው ሰው።

አጎቴ እግሩን አወረደና ጎንበስ ብሎ አየ። ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ጠፍሩ ተንጠልጥሏል። ጉልበቱን አስደግፎ ጎተተው፣ አጥብቆ አሰረው። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ከመጎንበሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«እሰይ ልጄ» አለ። «ዓይኔ እያየ ልወድቅ ነበር።»

ከዚያ በቅሎዋ ላይ ወጣና ሄደ፣ ብቻውን።